አስቸኳይ፦ ጭነቱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ስፖንዳው አልከፈት አለኝ፣ ራቼቱም (የቀበቶው ማጥበቂያ) አልላቀቅ ብሏል

መንገድ ዳር፦
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ጋ ቆሜ ነው የምጽፈው። የፒክአፔ ካሶኒ ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የተፈታታ ቁም ሳጥን (ሳንቃው ብቻ) እና የመሣሪያ ሳጥን አለ። የትራፊክ መብራቱ ሲለቅ ተነሣሁ፣ ከኋላ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አሁን ማሽኑ የኋላ ስፖንዳው ላይ ተለጥፎ ቆሟል። የስፖንዳውን መክፈቻ ስጫነው "ቀጭ" ይላል እንጂ አይከፈትም። አንደኛው ራቼት እጀታው ንቅንቅ አይልም፣ ሌላኛው ቀበቶ ደግሞ ረግቦ ተንጠልጥሏል። መቁረጥ አልፈልግም፣ ያሉኝ ሁለቱ ቀበቶዎች ብቻ ናቸው። ምን ላድርግ?

ካቻቢቴ፦
መኪናው ምንድን ነው? ቀበቶዎቹ ከየት ወደ የት ነበር የታሰሩት? ከማሽኑ በላይ አልፈው ነው ወይስ ዙሪያውን? ፎቶ ካለህ ለጥፍ።

ሶኬት፦
ማሽኑ መውረድ ፈልጎ ነው። መብቱ ነው፣ አክብሩለት 😂

መንገድ ዳር፦
ኤሌክትሪክ ነው፣ ባለ ሁለት ጋቢና። ቀበቶዎቹ ከላይ ነው ያለፉት። ስልኬም ባትሪ ሊጨርስ ነው፣ ፎቶ በኋላ።

ካቻቢቴ፦
ወንድሜ፣ "ኤሌክትሪክ" የመኪና ስም አይደለም። የአንዱ መኪና የማሰሪያ ቀለበት ጥግ ላይ ነው፣ የሌላው በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፣ የሦስተኛው ከምንጣፍ ሥር ተደብቋል። ሳናውቅ ምን እንበልህ?

ፊዚክስ በቀላሉ፦
ችግሩ የጀመረው ራቼቱ ጋ አይደለም። ለጭነት ማሰሪያ የወጣው የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 12195፣ አንድ ጭነት ወደ ፊት በክብደቱ 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ በክብደቱ 50 በመቶ ኃይል ሊገፋ ይችላል ብሎ ነው የሚያሰላው። ወደ ኋላ ያለው ማነሱ ስለ ከባድ መኪና ታስቦ ስለሆነ ነው፤ ከባድ መኪና ሲነሣ ማንንም አያስደነግጥም። የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ግን ሞተሩ ጉልበቱን ገና ከቆመበት ሙሉውን ይሰጣል። በ4 ሰከንድ ከዜሮ ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መኪና፣ ፔዳሉ እስከ ታች ከተረገጠ፣ ጭነቱን በአማካይ በክብደቱ 70 በመቶ ወደ ኋላ ይገፋዋል።

ማሽኑ 70 ኪሎ ነው እንበል። ወደ ኋላ የሚገፋው 49 ኪሎ ያህል ነው። በለሰለሰ ወለል ላይ ሰበቃው (ወለሉ ጭነቱን የሚይዝበት ኃይል) የክብደቱ 0.3 ቢሆን የሚይዘው 21 ኪሎ ብቻ ነው። የቀረውን 28 ቀበቶው መሸፈን አለበት። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ብታነጥፍ ሰበቃው ወደ 0.6 ይጠጋል፣ ያን ጊዜ ለቀበቶው የሚቀርለት 7 ኪሎ ነው። ሰው ቀበቶ ላይ ቀበቶ ይጨምራል እንጂ ከሥር ያለውን አያይም።

ከላይ የሚያልፍ ቀበቶ ደግሞ የሚሠራው ወደ ታች በመጫን ብቻ ነው። ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ ከሠራ፣ ወደ ታች የሚደርሰው የውጥረቱ ግማሽ ነው። በመለያው ላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር አይታችሁም አትኩራሩ፤ በእጅ ጠምዝዛችሁ የምታገኙት ውጥረት ከዚያ በብዙ ያንሳል። መበጠሻ ተብሎ የተጻፈውም የመሥሪያ አቅሙ አይደለም፣ አስተማማኙ የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው።

መንገድ ዳር፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ስፖንዳው አሁንም አልተከፈተም።

ብርቱ ቋጠሮ፦
ራቼቱን በጉልበት አትታገለው። ነክሶ የሚቀረው ምላሱ ጥርሱ ላይ ጭነት ስላለበት ነው። መጀመሪያ እጀታውን ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ትንሽ ጨምረህ ሳበው፣ ግማሽ ጥርስ ይበቃል። ምላሱ ያን ጊዜ ይላላል። እጀታው ውስጥ ያለችውን ተንሸራታች ምላስ በጣትህ ስበህ ያዝና፣ ሳትለቃት እጀታውን ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፣ 180 ዲግሪ፣ ጠፍጣፋ እስኪሆን። ግማሽ መንገድ ላይ ካቆምክ አይለቅም፣ ብዙ ሰው "ተበላሸ" የሚለው እዚያ ላይ ቆሞ ነው። ከዚያ ቀበቶውን ከመዘውሩ ጎትተህ አውጣ።

ሁለት ነገር፦ ሲለቅ ይዘላል፣ ፊትህን አርቅ። እና ከስፖንዳው ኋላ ማንም አይቁም። ማሽኑን ይዞት ያለው ያ ቀበቶ ሊሆን ይችላል።

ፍሬን ሸራ፦
ምላሷን ስበህ እጀታውን ሙሉ ዘርጋ። ካልሆነ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግበት። ስፖንዳው ደግሞ ቀላል ነው፦ ትንሽ ወደ ፊት ንዳና በድንገት ፍሬን ያዝ፣ ማሽኑ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ካቻቢቴ፦
ኧረ በናትህ! የተፈታ 70 ኪሎ ብረት የጋቢናውን የኋላ መስታወት ይዞ ይገባል። ሳንቃዎቹም ከዚያው ጋር። ይሄን ምክር የሚያነብ ሌላ ሰው እንዳይሞክረው።

ፍሬን ሸራ፦
ቀስ ብሎ ማለቴ ነው።

የናፍጣ ልጅ፦
ማንም የማይጠይቀውን ልጠይቅ። ለምንድን ነው በኤሌክትሪክ ፒክአፕ ጭነት የምትጭኑት? ባትሪው ራሱ ጭነት ነው። መኪናው ባዶውን የሚመዝነው የእኔን ከነጭነቱ ነው። ይሄ ነገር ለመታየት የተሠራ እንጂ ለሥራ አይደለም።

ዋናው ፊውዝ፦
@የናፍጣ ልጅ ስለ ክብደቱ ልክ ነህ፣ ስለ ሥራው ግን አይደለህም። የመጫን አቅም እንደየሞዴሉ ነው፦ ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ እስከ 1,000 ኪሎ ገደማ፣ ሪቪያን አር1ቲ 800 ገደማ፣ ሳይበርትራክ ከ1,100 በላይ። እነዚህ ግን የተስተካከለ ምርጫ ተወስዶ የሚገኙ ከፍተኛ ቁጥሮች ናቸው። የራስህ መኪና ቁጥር የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ባለው መለያ ተጽፏል፣ የሚታመነውም እሱ ነው። ሹፌሩም፣ ተሳፋሪዎችም፣ የጫንከው የካሶኒ ክዳንም ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ ብሎ ማሰብ ይሻላል፤ መለያውን አንብብ። ጎማውን ከመነሣትህ በፊት በዚያው ምሰሶ ላይ በተጻፈው ልክ ሙላው።

ለሰውየው ግን ይሄ ምንም አይጠቅመውም። አንድ ማጠቢያ ማሽን ነው የጫነው፣ ክብደቱ አይደለም ችግሩ።

የናፍጣ ልጅ፦
የእኔ መኪና ላይ ማሽን ተንሸራትቶ አያውቅም።

ሶኬት፦
ያንተ መኪና ሲነሣ ማሽኑ ቀድሞ ያጥብ ይሆናል 😂

ዝም ያልኩ፦
የረገበውን ቀበቶ መጎተቻ አድርገው። በጎማው በኩል ወደ ካሶኒው ውጣ፣ በስፖንዳው በኩል አይደለም። ቀበቶውን በማሽኑ ኋላ አዙረህ፣ ከወገቡ በታች፣ ሁለቱን መንጠቆዎች ጋቢናው ሥር ባሉት ሁለት የፊት ቀለበቶች ላይ ስካቸው። ከዚያ ራቼቱን አንድ አንድ ጥርስ እያልክ አጥብቅ። ማሽኑ ሁለት ሦስት ጣት ወደ ፊት ከመጣ ስፖንዳው ላይ ያለው ግፊት ያበቃል። ከፍ አድርገህ ካሰርከው ይገለበጥብሃል፣ ዝቅ አድርግ። ቆርቆሮው እንዳይጎዳ በማዕዘኑ ላይ ካርቶን ጣል።

አሁንም "ቀጭ" ብሎ ካልተከፈተ፣ አንድ ሰው ከውጪ ስፖንዳውን ወደ መኪናው ይግፋው፣ አንተ ደግሞ በዚያው ቅጽበት መክፈቻውን ተጫን። መቆለፊያው ተጨንቆ ነው እንጂ አልተበላሸም።

ብርቱ ቋጠሮ፦
ይሄ ነው መልሱ። ከላይ ያልኩት ራቼት ላይ ብቻ ነው፣ ይሄን ተከተል።

መንገድ ዳር፦
ራቼቱ ተላቀቀ!! እጀታውን እስከ መጨረሻ አልዘረጋሁትም ነበር ለካ። ግን የፊት ቀለበት የሚባል ነገር አላገኘሁም። ጎን ላይ ሐዲድ ነገር አለ። እዚህ የቆመ አንድ ሰው ትራፓኖ አለው፣ ወለሉን በስቼ ቀለበት ላስገባ?

ዋናው ፊውዝ፦
አትንካው!!! ትራፓኖውን ለባለቤቱ መልስ።

ካቻቢቴ፦
አትብሳ

ፊዚክስ በቀላሉ፦
ምክንያቱም ይነገረው። አንደኛ፣ ባትሪው ከመኪናው ሥር ነው፣ ከእሱ ወደ ኋላ ሞተር የሚሄዱት ብርቱካናማ ገመዶች 400 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይሸከማሉ። ትራፓኖው የት እንደሚወጣ ከላይ ሆነህ አታይም። ሁለተኛ፣ ወለሉ የተቀነባበረ ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ ሰፊ ላሜራ ካልተደገፈ ቡሎኑ ይነቀላል። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ በብረት ቡሎን አጠገብ፣ ውኃ ሲገባበት፣ መበላት ይጀምራል።

ዋናው ፊውዝ፦
ሐዲድ ካለህ ተገላገልክ። ሐዲዱ ለዚያው ነው የተሠራው፣ የሚንሸራተት ቀለበት ይገባበታል። ቀለበቶቹ ከመኪናው ጋር መጥተው ሊሆን ይችላል፣ ወይ ኮፈኑ ሥር ባለው የፊት ሻንጣ ውስጥ ወይ ከኋላ ወንበር ሥር ፈልግ። ሲገባ "ቀጭ" ብሎ መቆለፉን ጎትተህ እይ።

መንገድ ዳር፦
እሺ እፈልጋለሁ። ሌላ ጥያቄ፣ ሳንቃው ከጋቢናው በላይ ወጥቶ ነበር የመጣው፣ ቻርጁ ከጠበቅሁት በላይ ነው የወረደው። ክብደቱ ነው?

ካቻቢቴ፦
ክብደቱ አይደለም፣ ንፋሱ ነው። የንፋስ መቋቋም ከፍጥነት በካሬ ነው የሚያድገው። ሳንቃውን አስተኛው፣ ፍጥነት ቀንስ። ሸራ ካለበሰክ እያርገበገበ እንዳይሄድ ወጥር።

ፍሬን ሸራ፦
ስፖንዳውን ክፍት አድርገህ ንዳ፣ ንፋሱ በዚያ ይወጣል።

ፊዚክስ በቀላሉ፦
ይሄ የቆየ ወሬ ነው። ስፖንዳው ሲዘጋ ካሶኒው ውስጥ አየር እየተሽከረከረ ይቀመጣል፣ የላይኛው ንፋስ በእሱ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። ብትከፍተው ያ ይፈርሳል፣ ጥቅም የለውም። ለእሱ ደግሞ ጭነቱን የሚያቆም የመጨረሻ ግድግዳ ማንሣት ይሆንበታል።

ፍሬን ሸራ፦
እኔ ለዓመታት እንዲያ ነው የነዳሁት።

ካቻቢቴ፦
@መንገድ ዳር ስፖንዳው ከተከፈተ በኋላ ዝም ብለህ መልሰህ እንዳታስረው፣ አጫጫኑን ቀይር። ማሽኑ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ይቁም፣ በመሃል አንድ ጣት ክፍተት አይቅር። የመሣሪያ ሳጥኑን ካሶኒ ላይ አታስቀምጠው፣ የፊት ሻንጣ ካለህ እዚያ ይግባ፤ የላይትኒንግ 400 ሊትር ገደማ ነው፣ እስከ 180 ኪሎ ይችላል። ሳንቃው በርዝመቱ ተኝቶ ከማሽኑ ጎን ይሂድ፣ ካሶኒው ጎን ላይ እንጨት የሚቀበል ጎድጎድ ካለ አንድ ጣውላ በወርዱ አስገባና ከማሽኑ ኋላ መቆሚያ አድርገው። ቀበቶ መበጠስ ይችላል፣ መላላትም ይችላል፣ ጣውላው ግን የትም አይሄድም። አንዱ ቀበቶ ዙሪያውን ወደ ፊት ይሳብ፣ ሌላው ከላይ ይለፍ። ከላይ የሚያልፈውን አንዴ ጠምዝዘው፣ ጠፍጣፋውን ከተውከው ነፋስ ያንጫጫዋል፣ ሲንጫጫ ይላላል።

የማሽኑ ከበሮ የማጓጓዣ ቡሎኖች ገብተዋል? ፊት ለፊት የሚከፈት ማሽን ከሆነ ያለ እነሱ ከበሮው ስፕሪንጉ ላይ ይላጋል።

እና መኪናው ለስላሳ አነሣስ ወይም መጎተቻ የሚል ምርጫ ካለው አብራ። እግርህን ከፔዳል ስታነሣ በኃይል የሚይዘውን ፍሬንም ቀንሰው። አንዴ ወደ ኋላ አንዴ ወደ ፊት ስትነቀንቀው ነው ቀበቶው የሚረግበው። ከተነሣህ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቆመህ ደግመህ አጥብቅ።

ሶኬት፦
አንድ ማጠቢያ ማሽን ለማድረስ ዲግሪ ይዘን ወጣን።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ልግባ። ነገ ፍሪጅ ላጓጉዝ ነው፣ የካሶኒዬ ክዳን ዝቅ ያለ ነው። አስተኝቼ ብወስደው ችግር አለው?

ዋናው ፊውዝ፦
እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ክዳኑን አንሥተህ/ሽ አቁመህ/ሽ መውሰድ ይሻላል። ሲተኛ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይገባል። የግድ ከሆነ አቁመህ/ሽ ለሰዓታት አሳርፈህ/ሽ ነው ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ የሰዓቱን ልክ የፍሪጁ መመሪያ ይነግራል። በሮቹን ደግሞ በቀበቶው ሳይሆን በፕላስተር አሽግ/ጊ፣ ቀበቶ በሩን ያጣምማል።

አዲስ ገቢ፦
እህት ነኝ፣ አመሰግናለሁ። ክዳኑ በኤሌክትሪክ የሚጠቀለል ነው፣ አይነሣም። ክፍት አድርጌ አቁሜ ልውሰደው ማለት ነው?

ዝም ያልኩ፦
አዎ፣ ከጋቢናው ጋር አስጠግተሽ። ክዳኑ በስህተት እንዳይዘጋ ተጠንቀቂ፣ ከስክሪኑ ላይ የሚቆለፍ ከሆነ ቆልፊው። የኋላ ካሜራውም ሊጋረድ ስለሚችል መስታወቶችሽን ከመነሣትሽ በፊት አስተካክዪ።

ካቻቢቴ፦
@መንገድ ዳር ተከፈተ?