ሳይታሰብ የመጣ እንግዳ፣ ጠባብ ቤትና የጾም ቀን

የጠባሴዋ (ጥያቄ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ለሕክምና ደብረ ብርሃን የሚመጣ ዘመድ ማረፊያው የከተማው ዘመድ ቤት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ኪራይ ሲሆን፣ እንግዳውም ረቡዕ ወይም ዓርብ ማምሻውን ሲደርስ፣ ለክርስቲያን የሚገባው አቀባበል የቱ ነው? «ዶሮ ካልተሠራ እንግዳው ተናቀ» የሚባለው ነገር ስንቱን ዕዳ ውስጥ ከቷል። እንግዳው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ማጉረምረም ነው። ከምን ይጀመር?

ዘመንዝ፦
እህቴ፣ ቅደም ተከተሉ ዘፍጥረት 18 ላይ ተቀምጧል። አብርሃም መጀመሪያ ያቀረበው የእግር ውኃ ነው፤ ቀጥሎ በዛፍ ጥላ ዕረፍት፣ ከዚያ «ቁራሽ እንጀራ»። ጥጃው የመጣው ኋላ ነው፤ እሱም ከገዛ መንጋው እንጂ በብድር አልተገዛም። 1ኛ ጴጥሮስ 4፥9 «ያለ ማንጐራጐር» ያለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ከአቅም በላይ የተደገሰ ማዕድ ማጉረምረሙ አይቀርም።

ስለዚህ «ቤት ለእንግዳ» ብለሽ አስገቢና እሳቱ ላይ መጀመሪያ ውኃ ጣጂ። ሁለት ሊትር ያህል ለብ ያለ ይበቃል። በብርድ የደነዘዘ እግር ሙቀት አይለይም፤ እንግዳው «ደህና ነው» ቢልም ሊቃጠል ይችላል። በክርንሽ ለክተሽ አቅርቢ።

ለጾም ቀን ከበሶ የሚቀድም የለም። ለአንድ ሰው አንድ ብርጭቆ የበሶ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የብርጭቆ ሲሶ ያህል ውኃ። ጨውና ሚጥሚጣው በውኃው ይበጥበጥ፤ ዱቄቱ ላይ ከተነሰነሰ አንዱ ጉርሻ አልጫ፣ ሌላው ጨው ብቻ ይሆናል። ውኃውን ጥቂት በጥቂት ጨምሪ፤ ባንዴ ከፈሰሰ ይላቁጥና ጭብጦ መሆኑ ይቀራል። ሽሮ ከሆነም ዱቄቱን ቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ መበጥበጥ ነው፤ በፈላው ላይ ከተበተነ ይጓጉላል።

የጣርማበር ሰው፦
በዘመንዝ መልስ ላይ የመኝታውን ልጨምር፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር ከፍታ አይወርድም፣ ሌሊቱ ይቆረጥማል፤ ለእንግዳ አዝኖ የከሰል ምድጃ መኝታው አጠገብ የሚያስቀምጥ አለ። በፍጹም እንዳይደረግ! ከሰሉ የሚያወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። «ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ አቆይቼዋለሁ» ማለት አያድንም፤ ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ጋዙን ያወጣል። ቤቱን ከመኝታ በፊት አሙቁ፣ ምድጃውን ከነአመዱ ደጅ አውጡ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱ። ከዚያ ዝተት ወይም ባና ደርቡለት። ሞቅ ያለ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ ክዳኑን አጥብቆ በጨርቅ ጠቅልሎ እግሩ ሥር ማድረግም ይረዳል፤ የፈላ ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ያፈሳልም።

እማማ ዘቀበሌ፦
ልጆቼ፣ ለሕክምና የመጣ እንግዳ ነው የተባለው። ከማዕዱ በፊት ለብቻው ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «መድኃኒት ይወስዳሉ? ሐኪም የከለከለዎት ነገር አለ? ጾመኛ ነዎት?» የስኳር መርፌ ወይም ኪኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምግቡ ከዘገየ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ለእሱ የቡናው ሥነ ሥርዓት ይቆይ፣ እህሉ ይቅደም። ሕመምተኛ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እናንተ ፈራጅ አትሁኑበት።

«በሞቴ» ሁለቴ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማስጨነቅ እንግዳውን ለእኛ ክብር ሲል እንዲታመም ማድረግ ነው። ደም ግፊት ላለበት በእያንዳንዱ ጉርሻ ላይ አዋዜ መጥቀስ ፍቅር አይባልም።

ከይፋት በኩል ሙስሊም እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሥጋና ጠላ አይቀርብለትም። የጾም ወጥ በንጹሕ ድስት ሠርታችሁ «ሥጋ ያልነካው ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እጁን ወደ መሶቡ ሳይፈራ ይሰዳል።

የጠባሴዋ፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ የማይታወቅ ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ቢመጣ፣ በቤቱም ሴትና ልጆች ብቻ ቢኖሩ?

ዘመንዝ፦
ማሳደር ማለት የግድ በራስ ቤት አይደለም። ሉቃስ 10 ላይ ያ ሳምራዊ ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ለጠባቂውም ሁለት ዲናር ከፍሎ «አደራ» አለ። ለእንግዳው በደጃፍ መቀመጫ፣ ውኃና እህል ስጡት፤ ጎረቤት ጥሩ፤ ከዚያ ከጎረቤቱ ጋር ወንድ ወዳለበት ቤት ወይም ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ አድርሱት። ምሽቱ ሳይገፋ ቢሆን ይሻላል፤ ከጨለመ ጎረቤትም በር አይከፍትም። ጠዋት የት እንዳደረ ጠይቁ፤ ለመንገዱም አንድ ጭብጦ ቋጥሩለት።