«ጁዲሸስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በአማርኛ ምን ሊባል ይችላል?

ጥያቄ፦
ስለ አንቲባዮቲክ መድኃኒቶች የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስተረጉም «ጁዲሸስ ዩዝ» የሚል ሐረግ አጋጠመኝ። መዝገበ ቃላት «አስተዋይ» ይለዋል፤ ሆኖም «አስተዋይ አጠቃቀም» ብዬ ስጽፈው ለጆሮ አልጥም አለኝ። ቃሉ ከፍርድ ቤት ጋር ይገናኛል? «ዲሰርኒንግ» ከሚለውስ በምን ይለያል?

መልስ 1፦
ከፍርድ ቤት ጋር የሚያገናኘው ሥሩ ብቻ ነው። «ጁዲሻል»ም «ጁዲሸስ»ም ፍርድ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የወጡ ቢሆኑም፣ የመጀመሪያው የዳኝነትን ሥራ ሲመለከት ሁለተኛው አመዛዝኖ የሚበጀውን መምረጥን ያመለክታል፤ ስለዚህ ዳኛ የሰጠው ውሳኔ ሁሉ «ጁዲሻል» ነው እንጂ ሁሉም «ጁዲሸስ» አይደለም። (ፍርደ ገምድል የሚለው ቃላችን ያለ ምክንያት አልተፈጠረም።)

እርስዎን ያስቸገረዎት ግን ቅጽሉ የሚገልጸው ስም ይመስለኛል። በእኛ ቋንቋ አስተዋይ የሚባለው ሰው ነው። እንግሊዝኛው ሰውንም ይገልጻል፤ እ.ኤ.አ. በ1600 የሞተው የሃይማኖት ሊቅ ሪቻርድ ሁከር የሚታወቀው በዚሁ ቅጽል ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ ዛሬ በብዛት የሚነገረው ለድርጊት፣ ማለትም ለምርጫ፣ ለአጠቃቀም ወይም ለምክር በመሆኑ፣ ቅጽሉን ትተው «በማስተዋል መጠቀም» ቢሉት ይሻላል።

መልስ 2፦
«ዲሰርኒንግ» መለየት ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ሲሆን፣ ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለይ ዓይን ላለው አንባቢ ወይም አድማጭ ይነገራል። ማስታወቂያ ጸሐፊዎች ገዢን ለማሞገስ ስለሚያዘወትሩት ግን ክብሩ ትንሽ ቀንሷል። ለእርስዎ ሐረግ እኔ ብሆን «በቁጠባ መጠቀም» እላለሁ፤ አጭርና ግልጽ ነው።

መልስ 1፦
በቁጠባው አልስማማም። «ጁዲሸስ» የመጠን ማነስን ሳይሆን የውሳኔን ትክክለኛነት የሚናገር ቃል ነው። አንቲባዮቲክ ለማያስፈልገው ሰው፣ ለምሳሌ በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋን፣ አለመስጠት «ጁዲሸስ» እንደሆነ ሁሉ፣ በባክቴሪያ ለታመመ ሰው ተገቢውን መድኃኒት በሙሉ መጠኑ መስጠትም «ጁዲሸስ» ነው። «በቁጠባ» የሚለውን ያነበበ ሕመምተኛ የታዘዘለትን ኪኒን ከፍሎ ቢያስቀምጥ ጥፋቱ የተርጓሚው ይሆናል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «አመዛዝኖ፣ በሚያስፈልግበት ጊዜና በተገቢው መጠን መጠቀም» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ከእንግሊዝኛው ቢረዝምም ቁጠባ የሚለውን አላስገባሁበትም።