የቡዳው ፈረሰኛ፦ አንድራሽ ሃዲክ ማን ነበር?

ቤዛ ከዳኑብ ማዶ

ጤና ይስጥልኝ ሁላችሁም። ቡዳፔሽት በስኮላርሺፕ የምማር ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ፈተና ሊጀመር ሲል የክፍሌ ልጆች በ16 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ቡዳ ኮረብታ ይዘውኝ ወጡ። እዚያ መንገድ ዳር አንድ የፈረሰኛ ሐውልት አለ። ነሐሱ በዕድሜ ጠቁሯል። አንድ ቦታው ብቻ እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል፦ የፈረሱ የዘር ፍሬ። የምህንድስና ተማሪዎች ከፈተና በፊት እሱን ነክተው ነው የሚሄዱት፤ ዕድል ያመጣል ይላሉ። ስንትና ስንት ዓመት በእጅ ስለታሸ ነው እንዲህ የሚያበራው። እኔም እያፈርኩ ነካሁ።

ስሙን አየሁት። ሃዲክ አንድራሽ ይላል። ማን ነው ብዬ ስጠይቅ አንዱ «በርሊንን በአንድ ቀን የያዘ ነው» አለኝ። አንዷ ደግሞ ስለ ጓንት የሆነ ነገር ብላ ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አልገባኝም። በርሊን የሚያህል ከተማ በአንድ ቀን እንዴት ይያዛል? የጓንቱስ ነገር እውነት ነው? የሚያውቅ ካለ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ደብረጸን የተማርኩ

ቤዛ ልጄ፣ ወደ ወጣትነቴ መለስሽኝ። እኔ በደርግ ጊዜ እርሻ ለመማር ሀንጋሪ ከተላኩት አንዱ ነኝ። የተማርኩበት ከተማ ደብረጸን ይባላል። እናቴ ስሙን ስትሰማ ገዳም መስሏት እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር አልረሳውም።

ስለ ሃዲክ መጀመሪያ የነገረችን የቋንቋ አስተማሪያችን ነች። ሀንጋሪዎች «ሁሳርቫጋሽ» የሚል ቃል አላቸው፤ «የሁሳር ምት» እንደ ማለት ነው። ሁሳር ቀላል ፈረሰኛ ነው። ጎራዴው ቆልማማ፣ ፈረሱ ፈጣን። አንድ ሰው የተወሳሰበ ነገር በድፍረት ቆረጥ አድርጎ ሲፈታው ይህን ቃል ይሉለታል። አስተማሪያችን ቃሉን ስታስረዳ የበርሊኑን ታሪክ ነገረችን። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ሃዲክ የተወለደው ኦክቶበር 16 ቀን 1710 ነው። ቤተሰቡ ከመኳንንት ወገን ቢሆንም ከታችኞቹ ነው፤ የሚያኮራ ሀብት አልነበራቸውም። አባቱ የሁሳር መኮንን ነበር። ልጁን ግን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት አስተማሩት፤ ሐሳቡም እዚያው መነኩሴ እንዲሆን ነበር። በመጨረሻ የአባቱን መንገድ መረጠና በ1732 ሁሳር ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሁሉ የወታደር ዕድሜ ነው።

በ1740 ማርያ ቴሬዛ በ23 ዓመቷ ኦስትሪያንና ሀንጋሪን ይገዛ የነበረውን የሀብስቡርግ ቤተሰብ ዙፋን ወረሰች። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ወጣት ሴት ናት ብሎ ወዲያው ሽሌዢያ የሚባለውን ሀብታም አገሯን ነጠቃት። በማግስቱ ዓመት ዛሬ ብራቲስላቫ በምንላት ከተማ የሀንጋሪን መኳንንት ሰብስባ እርዱኝ አለቻቸው። እነሱም «ሕይወታችንና ደማችን ለንጉሣችን!» ብለው ማሉላት። ሴት ብትሆንም ዘውዱን የደፋችው እንደ ንጉሥ ስለሆነ ነው እንደዚያ ያሏት። ሃዲክ ያንን መሐላ በተግባር ካዋሉት አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። በ1757 ፕሩሲያ ከኦስትሪያና ከአጋሮቿ ጋር የተዋጋችበት የሰባቱ ዓመት ጦርነት እየተካሄደ ነው። ፍሬድሪክ በጁን ኮሊን ላይ ተሸንፏል፤ ከዚያ ደግሞ ፈረንሳዮችን ሊገጥም ሠራዊቱን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ። ዋና ከተማው በርሊን ክፍት ቀረች። ሃዲክ ይህን አየ። 5,000 የሚያህል ሰው ይዞ ኤልስተርቬርዳ ከምትባል ቦታ ተነሣ። በዋናው መንገድ ቢሄድ ወሬው ይቀድመው ነበር። ስለዚህ በጫካና በረግረግ መሐል አቋርጦ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ከሰዎቹም ከፊሉን መንገድ ላይ ትቷል፤ ሲመለስ በሩ እንዳይዘጋበት ነው። እዚህ ላይ አስቢበት። ገና ሳይገባ የሚወጣበትን አዘጋጅቷል።

ኦክቶበር 16 በርሊን ደረሰ። ልደቱ ነበር፤ 47 ዓመት ሞላው። መልእክተኛ ልኮ 300,000 ታለር፣ ማለት የዚያ ዘመን ጠገራ ብር፣ ክፈሉኝ አለ። የከተማው ሹማምንት አንገራገሩ። እሱም መድፉን ሽሌዢያ በር በሚባለው ላይ አዞረ። በሩ ላይ በሰንሰለት የሚነሣ ድልድይ ነበር፤ የመድፉ ጥይት ሰንሰለቱን በጠሰውና ድልድዩ ወረደ ይባላል። ሰዎቹ ገቡ። ውጊያው አጭር ቢሆንም ቀላል አልነበረም። ባቦቻይ የሚባለው ጄኔራሉ እዚያው የሞት ቁስል ቆሰለ።

ከተማው ውስጥ የነበረው የፕሩሲያ ጦር በቁጥር ከሃዲክ አያንስም ነበር። አዛዡ ግን የሚያየው የትልቅ ሠራዊት ግንባር መሰለው። የንጉሡን ቤተሰብ ይዞ ሽፓንዳው ምሽግ ገባ። ሃዲክ ያሸነፈው በዚህ ጥርጣሬ ነው። ጠላቱ ሰዎቹን እንዲቆጥር ጊዜ አልሰጠውም።

ገንዘቡ በክርክር ወረደና ከ200,000 ታለር በላይ ተከፈለው። ሊነጋጋ ሲል ከተማውን ለቆ ሄደ። የፕሩሲያ ረዳት ጦር ከኋላው እየገሰገሰ ነበር፤ አልደረሰበትም።

እኔ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱን ነው የማደንቀው። ስንት ጦር መሪ ዋና ከተማ ገብቶ አንድ ሌሊት ልጨምር ሲል ተይዟል!

ክሮይትስበርግ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ በርሊን ነው የምኖረው። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ ባቡሬ «ሽሌዚሸስ ቶር» የሚባል ጣቢያ ይቆማል። ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ የድሮ የጡብ ጣቢያ ነው። ትርጉሙ የሽሌዢያ በር መሆኑን አውቅ ነበር፤ የትኛው በር እንደሆነ ግን ዛሬ ገና ገባኝ። አሁን ከሥሩ የዶነር ሳንድዊችና አምሽቶ የሚሠራ ሱቅ ነው ያለው። በሩ የለም። ነገ እዚያ ስወርድ በሌላ ዓይን ነው የማየው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ ሰው ስለ ሩሲያኖች በርሊን መግባት ሲያወራ ሰምቻለሁ። ያው ጦርነት ነው?

የአያቷ ልጅ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ማርያ ቴሬዛ ስትሉ የኛዋ ናት? የጠገራ ብሩ ላይ ያለችው? አያቴ አንገቷ ላይ ከመስቀሏ ጋር ያሰረቻት አንዲት ብር ነበረቻት። ሻሽ ያደረገች፣ ደረቷ ሞላ ያለ ሴት። ልጅ ሆኜ እመቤታችን ትመስለኝ ነበር።

ደብረጸን የተማርኩ

የአያቷ ልጅ፣ ከርዕሱ አልወጣሽም። ራሷ ናት። ሃዲክ ዕድሜውን የገበረላት ሴት፣ አያትሽ አንገት ላይ የነበረችው ናት። ብሩ ላይ 1780 የሚል አለ፤ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት አልፎ ሲታተምም ዓመቱን አልቀየሩትም፤ የእኛ አገር ገበያ ሌላ አልቀበልም ስላለ። አጤ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካሳተሙ በኋላ እንኳ ባላገሩ እሷን ይመርጥ ነበር። ነጋዴው የጌጧን ነጥብ እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው፤ አባቴም ጥፍሩን ነጥቡ ላይ እያሳለፈ ሲቆጥር አይቻለሁ።

የክሮይትስበርጉ ወንድሜ፣ ጦርነቱ ያው ነው፤ ዘመቻው ግን ሌላ። ሩሲያና ኦስትሪያ አብረው በርሊን የገቡት በኦክቶበር 1760 ነው። ያኔ ብዙ ቀን ቆዩ፤ የሻርሎተንቡርግን ቤተ መንግሥትም ዘረፉት። የሃዲክ ሰዎች የነበሩት አንድ ቀን፣ ያውም በአንድ ወገን ያለው ሰፈር ውስጥ ነው። ሁለቱን ዘመቻ አንድ አድርጎ የሚያወራ ሰው ሃዲክን ይበድለዋል።

ቤዛ፣ የጓንቱ ነገር እንዲህ ነው። ሃዲክ ከገንዘቡ ሌላ የከተማው ማኅተም ያለበት ሁለት ደርዘን ጥንድ ጓንት ለንግሥቲቱ ብሎ ጠየቀ። ሰጡት። ቪየና ሲከፈት ግን ሁሉም የግራ እጅ ሆኖ ተገኘ ይላሉ። የሳቁት ለዚህ ነው። ጓንት መጠየቁን እቀበላለሁ። «ሁሉም ግራ» የሚለውን ግን ከተማዋ በኋላ ራሷን ለማጽናናት የፈጠረችው ተረት ነው ብዬ አምናለሁ። በር ተሰብሮ፣ ሰው እየሸሸ፣ በአንድ ሌሊት ያን ያህል ቀኝ ከግራ እየለየ የሚያሽግ ማን ነው? ንግሥቲቱም አልተቀየመችም። በዚያው ዓመት ባቋቋመችው በስሟ በሚጠራው የጦር ኒሻን ታላቁን መስቀል ሸለመችው።

ሀንጋሪዎች ይህን አንድ ቀን ብቻ ነው የሚያወሩት። ይህ ያሳዝነኛል። ከዚያ በኋላ ዛሬ ሩማንያ ውስጥ ያለችውን ትራንሲልቫኒያን አስተዳደረ። ከ1774 ጀምሮ እስኪሞት ፊልድ ማርሻልና የጦር ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበር። ያን ወንበር ከእሱ በፊት ሀንጋሪያዊ አልተቀመጠበትም። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ አብልጬ የምወደው የመንደሮቹን ነገር ነው። በ1764 መጀመሪያ ላይ ሴኬዮች የሚባሉ የትራንሲልቫኒያ ሀንጋሪዎች ለድንበር ጥበቃ በግድ አንመዘገብም ሲሉ የራሳቸው መንግሥት ጦር ማዴፋልቫ ላይ ጎሕ ሲቀድ መድፍ ተኮሰባቸው። 200 ያህል ሰው አለቀ። የቀሩት ቤታቸውን ጥለው ወደ ሞልዳቪያ ተሰደዱ። ከዓመታት በኋላ ቡኮቪና ውስጥ መሬት አግኝተው ሰፈሩ፤ እንዲሰፍሩ ከረዷቸው አንዱ ሃዲክ ነው። ከመንደሮቻቸው አንዷን ሃዲክፋልቫ አሏት፤ የሃዲክ መንደር ማለት ነው። ሌላዋ ኢሽተንሼጊች ትባላለች፤ «እግዜር ይርዳ» እንደ ማለት። ከስደት የተመለሰ ገበሬ መንደሩን ሲሰይም የማንን ስም ከእግዜር ስም አጠገብ እንዳስቀመጠ ተመልከቺ።

በ1789፣ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ቱርክን ለመውጋት ጦሩን ምራ ተብሎ ተላከ። ታመመ። ሎውዶን የሚባለው ጄኔራል ተክቶት ኦክቶበር ላይ ቤልግሬድን ያዘ። ሃዲክ በማርች 12፣ 1790 ቪየና ውስጥ ሞተ። የሚያገለግለው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ ከእሱ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው የሞተው።

ቤዛ ከዳኑብ ማዶ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ለክፍሌ ልጆች የመንደሮቹን ነገር ነገርኳቸው፤ አንዱም አልሰማም ነበር። አንደኛዋ ስልኳን አውጥታ ካርታ ላይ ሃዲክፋልቫን ስትፈልግ አገኘኋት። ዛሬ ሩማንያ ውስጥ ነው፤ ዶርኔሽቲ ይባላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሐውልቱን ያቆመው ማን ነው? መቃብሩስ የት ነው?

ደብረጸን የተማርኩ

ሐውልቱ በ1937 የቆመ ነው፤ ቀራጺው ዬርጅ ቫሽታግ ልጁ ነው። አባቱም በዚያው ስም የሚጠራ ሠዓሊ ስለነበር ነው ልጁ ያልኩሽ። ያቆሙለት በስሙ ይጠራ የነበረው የ3ኛው ሁሳር ሬጅመንት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ስትነኪው ፊቱንም ቀና ብለሽ እይው። እነዚያ ሰዎች ያቆሙት ለፊቱ ነው።

መቃብሩ ፉቶግ ነው፤ ሰርቢያ ውስጥ፣ ከኖቪ ሳድ አለፍ ብሎ ዳኑብ ዳር። ርስቱ ነበር፤ በሀንጋሪኛ ፉታክ ይባላል፤ መጠሪያው ውስጥም ገብቷል፦ የፉታክ ቆንት ሃዲክ። ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ እዚያው ተቀበረ። እኔ ተማሪ ሆኜ ሄጄ ነበር፤ ዩጎዝላቪያ ነበረች ያኔ። ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት እናት በጋሪ ጎመን ትሸጥ ነበር። የፉቶግ ጎመን ቅጠሉ ስስ ነው፤ እንደ ብራና ይታጠፋል፤ ለዚህ ነው ለጥቅልል ምግብ የሚመረጠው። ስትሄጂ በመከር ወራት ይሁን። አንዱን ገዝተሽ ቅመሺው።