ክርክር፦ የተነካካ የማስታወቂያ ፎቶ ላይ «ተቀይሯል» ተብሎ ይጻፍ?

ጠያቂዋ፦ በፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ማስታወቂያ ላይ የሞዴሏ ሰውነት በኮምፒውተር ከቀጠነ ወይም ከወፈረ «ፎቶው ተስተካክሏል» ተብሎ መጻፍ ግዴታ ነው። ኖርዌይም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ሌሎቹስ አገሮች ይከተሏቸው? እኔ ይከተሉ ባይ ነኝ።

ዝምተኛው፦ ኧረ ተይን! ማስታወቂያ እንደሚያሳምር የማያውቅ አለ እንዴ? ሲጋራ ፓኮ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አጫሹ ክብሪት እየጫረ ነው የሚያየው። ሸማቹን እንደ ሕፃን አትዩት።

ጨረቃ፦ ማወቅ ብቻውን ቢያድን እኔ በዳንኩ ነበር። ፎቶ ማስተካከል እንጀራዬ ነበር። ወገብ ወደ ውስጥ ስትገፋው ከኋላ ያለው የበር ጠርዝ አብሮ ይጎብጣል፣ ስለዚህ ቁጭ ብለህ በሩን መልሰህ ታቃናለህ። ጉንጭ ላይ ያለችውን ነጥብ ሁሉ እያጎላህ ታጠፋለህ። ይህን ሁሉ በእጄ ሠርቼ፣ ማታ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም «እዚህ ጋ ትንሽ ቢለሰልስ» እላለሁ። በራሴ ፊት! ውሸቱን የሠራሁት እኔ፣ የተሸወድኩትም እኔ።

ነጋዴው ልጅ፦ ያሳዝናል፣ ግን ማስታወቂያ ባይኖር አዲስ ጀማሪን ማን ያውቀዋል? የሚሸጠው ድሮ ስም ያለው ብቻ ይሆን ነበር። ይሄን ማንም አያነሳውም።

ጠያቂዋ፦ ዕቃህን ማስተዋወቅ ሌላ፣ ዕቃው ላይ ትርጉም መለጠፍ ሌላ። ማርልቦሮ በ1920ዎቹ ለሴቶች የሚሆን ለስላሳ ሲጋራ ተብሎ ነበር የሚሸጠው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ካውቦይ አመጡና የወንድ ሲጋራ ሆኖ አረፈው። ትምባሆ ጾታ አለው? አልማዝም እንደዚሁ ነው። «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለው መፈክር በ1947 ለአልማዝ ሻጩ ኩባንያ ለዲ ቢርስ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው፤ ዛሬ ግን ያለ አልማዝ ቀለበት የመጣ ወንድ ፍቅሩ ራሱ የሚጠረጠርበት ቦታ ብዙ ነው።

ዝምተኛው፦ በይ እንግዲህ፣ ራስሽ መለስሽው! ካውቦዩ እውነተኛ ሰው፣ ፈረሱ እውነተኛ ፈረስ። ማንም አላቀጠነውም። «ተስተካክሏል» የሚለውን የቱ ጋ ልትጽፊበት ነው?

ጨረቃ፦ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። የሰዓት ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አጭሩ ዘንግ ብዙውን ጊዜ 10 አካባቢ፣ ረጅሙ 2 አካባቢ ነው። የድርጅቱ ስም አይሸፈንም፣ ፈገግታም ይመስላል። አንድም የተነካካ ነገር የለም፣ ግን ሁሉም ታስቦበታል። ስለዚህ ሕጉ ጉንጬን ያድንልኛል እንጂ ምኞቴን አይነካውም። ለእኔ ግን ጉንጬም ቀላል አይደለም፣ ይጻፍ።

ነጋዴው ልጅ፦ ምኞትንም ካላችሁ የብራዚሏ ከተማ ሳኦ ፓውሎ በ2007 የጎዳና ማስታወቂያ ሰሌዳዎቿን በሕግ አስነስታለች። ከተማዋ አልፈረሰችም። እኔ ግን እዚያ ብሆን ሱቄን ማን እንደሚያገኘው እንጃ።

ዝምተኛው፦ ቆይ፣ አሁን አንተ ከማን ጋር ነህ?