ለአረፋ ልጄን ይዤ ሐይቅ ከተማ ልሄድ ነው፤ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። 6 ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። ሐኪም ኦቲዝም እንዳለበት ነግሮናል። አይናገርም፤ የሚፈልገውን እጄን ጎትቶ ያሳየኛል። ለአረፋ እናቴ ዘንድ ሐይቅ መሄዳችን አይቀርም። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለሱ ከባድ ነው። አምና ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈኑ ሲጮህ ጆሮውን ይዞ አለቀሰ። ተሳፋሪው "አሞልቀሽው ነው፣ አንዴ ብትቀጭው ይተው ነበር" አለኝ። ስንደርስ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ሊስመው ሲሻማ አልጋ ሥር ገባ። ከደረቅ እንጀራ በቀር አይበላም፤ እናቴ ይከፋታል። ባለቤቴ "ዘንድሮ እናንተ ቅሩ" ይላል። እኔ ግን ልጄ ከአያቱ ቤት እንዲቀር አልፈልግም።

መልስ (እናት፣ ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ። ልጅሽ አልሞለቀቀም፤ ድምፁ ያመዋል። የእኔም እንደዚያው ነው።

ጉዞው ድንገት አይሁንበት። የመናኸሪያውን፣ የሚኒባሱን፣ የአያቱን ቤት በር፣ የአያቱን ፎቶ ስልክሽ ላይ በቅደም ተከተል አስቀምጪ። ማታ ማታ "መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ እማማ" እያልሽ አሳዪው። ባይመልስልሽም ይሰማሻል። መጨረሻ ላይ የራሳችሁን ቤት ፎቶ አድርጊ፤ እንደሚመለስ ካላወቀ ይጨነቃል።

በዋዜማው አትሂጂ፣ መናኸሪያው አይቻልም። ቀደም ብለሽ በጠዋት ውጪ። ሳትሳፈሪ ለሹፌሩ "ልጄን ድምፅ ያመዋል፣ ቀነስ አድርግልኝ" በዪው። እምቢ ካለ ቀጣዩን ጠብቂ። ጆሮውን የሚሸፍን ኮፍያም ያዢለት።

መልስ (የልዩ ፍላጎት መምህር፣ ወልድያ)
ኦቲዝም ከአስተዳደግ አይመጣም። በቅጣትም አይለቅም። ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው የገዛ ልጇን ችግር አይታ ነው።

ለእናትሽ አሁኑኑ ደውዪ። ዘመድ እንዳይስመው፣ እሱ እስኪጠጋ እንዲጠብቁት ትንገርልሽ። አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ትለቀቅላችሁ፤ የራሱን ብርድ ልብስ እዚያ አንጥፊለት። ሲደክመው ወደዚያ ይግባ፤ ይህ ነውር አይደለም። ካለቀሰ ሰው ከአጠገቡ ይራቅ፣ ወሬም ይቀነስ። "ምን ሆነህ ነው?" የሚለው ጥያቄ ራሱ ያባብስበታል።

ዕቃ መደርደር ይወዳል? ቡና ሲፈላ ሲኒውን እሱ ይደርድር። እንዲህ ያለ ሥራ ከዘመድ ጋር ያቀላቅለዋል፣ ማንም ሳያስገድደው። ምግቡን እንጀራውን ይብላ። ወጡን በትንሹ ሌላ ሳህን ላይ አጠገቡ አድርጉለት፤ ባይነካውም ዝም በሉት።

መልስ (አባት፣ ሐይቅ)
እህቴ፣ እኔ የምፈራልሽ የሐይቁን ውሃ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ ሳይታዩ ከቤት ይወጣሉ፤ ውሃም ይስባቸዋል፣ አደጋውን አያውቁም። በዓል ላይ ደግሞ ቤቱ በሰው ስለሚሞላ እያንዳንዱ ሌላው የሚያየው ይመስለዋል። ስለዚህ በተራ ያዙት። "አሁን ተራው ያንተ ነው" ተባብላችሁ በስም ተረካከቡ። በሩን ከላይ በኩል መቀርቀሪያ አስደርጉለት። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ አልብሺው፤ ከውስጥ በኩል ስልክ ቁጥርሽን ጻፊበት። ለጎረቤት ልጁን አሳዪያቸው፣ ስሙንና ስሙ ሲጠራ እንደማይመልስ ንገሪያቸው። ከጠፋ፣ አላህ አያምጣው፣ መጀመሪያ ወደ ውሃው ሩጡ። ቤት ለቤት መፈለጉ ከዚያ በኋላ ይሁን።

መልስ (አያት፣ ኩታበር፤ የልጅ ልጄ ጽፋልኝ ነው)
ልጄ፣ እናትሽ የሚከፋት ምግቡን እንደናቀባት መስሏት ነው። እኔም እንደሷ ነበርኩ። ደረቅ እንጀራውን እሷ ራሷ በእጇ ትስጠው። ያኔ ደስ ይላታል። በጉ ሲታረድ ልጁን ይዘሽው ወጣ በዪ፤ ጩኸቱም ደሙም አይበጀውም።

ጠያቂዋ
አላህ ያክብርልኝ ሁላችሁንም። ባለቤቴ የሐይቁን ወንድሜን መልስ አንብቦ አብረን እንሂድ አለ፤ በሩን ቀድሞ ሄዶ ያሠራል። አንድ ነገር ቀረኝ። ዘመዶቼ ዱዓ ቤት ወስደን ጭስ ይታጠን ይላሉ። ምን ልበላቸው?

መልስ (እናት፣ ኮምቦልቻ)
ዱዓው ይደረግለት፣ ማን ይጠላል። ግን ጭሱንና ይዞ ማስገደዱን እምቢ በዪ። ዱዓ አንቺ ጭን ላይ ቁጭ ብሎም ይደረግለታል። የሐኪም ቀጠሮ ካለውም በበዓሉ ሰበብ እንዳታሳልፊው።