ከአባቴ ሣጥን የወጣ ፊርማ ያለበት መጽሐፍና ባለ ማኅተም ደብዳቤ፦ ልሽጥ ወይስ ይቆይ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ፣ ሆጤ ነው የምኖረው። አባቴ አስተማሪ ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት ሞላው። የቆርቆሮ ሣጥኑን እስካሁን ለመክፈት አልደፈርንም ነበር። ባለፈው ሳምንት ከእማዬ ጋር ሆነን ከፈትነው። ከላይ የትምህርት ማስረጃዎቹ፣ የዕቁብ ደብተርና የውሃ ደረሰኝ ነው። ከታች በነጠላ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች አገኘን።

አንደኛው ፍቅር እስከ መቃብር ነው። 1958 ዓ.ም. ይላል። ሽፋኑ ተገንጥሎ በመርፌና በክር ተሰፍቷል። የሰፋው አባቴ ነው፤ ክሩን አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳችን ሲቀደድ የሚሰፋልን በዚያው አረንጓዴ ክር ነበር። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ በሰማያዊ ቀለም ፊርማ አለ። የሚነበበው "ሐ" ብቻ ነው፤ የቀረው ተጠማዝዞ ወደ ታች ይወርዳል። ከሥሩ "ሰኔ 67" ይላል።

ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። አራት ላይ ታጥፎ የኖረ አንድ ወረቀት። እጥፋቱ ላይ መበሳት ጀምሯል። ጽሑፉ ዘጠኝ መስመር ብቻ ነው። ከላይ መካከሉ ላይ ክብ ማኅተም አለ፤ ግማሹ ደብዝዟል። "ይድረስ ከ" ብሎ ይጀምርና የቅድመ አያቴን ስም ይጠራል። ከሰላምታው በኋላ የሚያወራው ስለ አንዲት በቅሎ ነው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፬ ተብሎ ተጽፏል።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ከአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ቤት ድረስ መጣ። መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ "ይሄ የደራሲው የራሱ ፊርማ ነው" አለ። ደብዳቤውን አይቶ "የንጉሥ ሚካኤል ነው" አለ። ለሁለቱ 60 ሺህ ብር እሰጣለሁ፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እማዬ ለመሸጥ አልቸኮለችም። ግን ደብዳቤው እንዳይቀደድ ፒያሳ ወስደሽ ላሚኔት አስደርጊው ትለኛለች።

ፊርማው የደራሲው መሆኑ በምን ይታወቃል? ማኅተሙስ? ላሚኔት ላስደርገው? እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት መልሱልኝ።

አሮጌ ገጽ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። አብሽሪ። ከሁሉ በፊት ላሚኔቱን አስቁሚልኝ። እናትሽን በእኔ ስም ለምኚያቸው።

እኔ ከፋብሪካ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የተፈረመባቸው መጻሕፍትና አሮጌ ደብዳቤዎች መሰብሰብ ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። በ1988 ዓ.ም. አባቴ ከዘመቻ የጻፈልኝን ደብዳቤ እንዳይበላሽ ብዬ ላሚኔት አስደረግኩት። ፕላስቲኩ በሙቀት ቀልጦ ነው ከወረቀቱ ጋር የሚጣበቀው። ከዓመታት በኋላ ወረቀቱ ውስጡ እያለ ቡናማ ሆነ። አሁን ፕላስቲኩን ላንሳ ብል ጽሑፉም አብሮ ይነሳል። እስከ ዛሬ የእግር እሳት ሆኖብኛል።

ያንቺን ደብዳቤ ቀስ ብለሽ ዘርጊው። በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል አድርገሽ ጠንካራ ፋይል ውስጥ በጠፍጣፋው አስቀምጪው። ስኮች እንዳትለጥፊበት፤ ሙጫው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። ከግድግዳ አርቂው። የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ የጦሳ ጉም ቤት ድረስ ይገባል፤ እርጥበት ያለበት ግድግዳ ላይ የተደገፈ ወረቀት ይሻግታል። ጓንት አያስፈልግሽም። እጅሽን ታጥበሽ በደንብ ካደረቅሽ ይበቃል፤ በጓንት የሳሳ ወረቀት መቅደድ ይቀላል።

ወደ ፊርማው ልምጣ። እኛ አገር መጽሐፍ የገዛ ሰው ስሙንና ቀኑን መጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፉ የተለመደ ነው። በእኔ መደርደሪያ ካሉት ፊርማዎች የሚበዛው የባለቤት እንጂ የደራሲ አይደለም። ደራሲ ለሰው ሲፈርም ብዙ ጊዜ "ለ" ብሎ ነው የሚጀምረው። ለእገሌ፣ መታሰቢያ፣ ከዚያ ስምና ቀን። አንቺ በነገርሽን ውስጥ "ለ" የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በ67 ሊፈርሙ አይችሉም አልልም። ግን ሊሆን የሚችል ነገር ሁሉ ሆኗል ማለት አይደለም።

ማታ መብራት አጥፍተሽ የስልክሽን ባትሪ ከገጹ ጎን አስጠግተሽ አብሪ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ከሆነ ጭረቱ ገጹን ጎድጎድ ያደርገዋል፤ ከጀርባም ይታያል። የታተመ ወይም በማኅተም የተመታ ፊርማ ግን ለጥ ያለ ነው። አስመስሎ የሚፈርም ሰው እጅ ደግሞ ዝግ ይላል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ መቆም በሌለበት ቦታ ይቆማል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤት ውስጥ ካሉ ፊርማዎች ጋር አስተያዪው። እናትሽን ጠይቂያቸው።

የመጽሐፉንም ዕድሜ እይ። አሮጌ መጽሐፍ እንዳለ ፎቶ ተነሥቶ እንደገና ሲታተም የድሮው ዓመት እንደተጻፈ ይቀራል፤ 1958 ማለቱ ብቻውን አይበቃም። በዚያ ዘመን መጽሐፍ የሚታተመው ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል ነበር። የገጹን ጀርባ በጣትሽ ዳብሺው። ፊደሉ ወረቀቱን ነክሶት ከተሰማሽ ጥሩ ነው። አባትሽ በክር መስፋታቸውም ለእኔ ደስ ይለኛል። ፎርጅድ መጽሐፍ ለመስፋት የሚደክም የለም።

ደብዳቤውን ሳስበው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የድሮ መኳንንት ደብዳቤ ላይ ፊርማ አይፈለግም። ፊርማው ማኅተሙ ነው። የሚመታውም ከላይ ነው፤ ያንቺም ከላይ መሆኑ መልካም ነው። የእጅ ጽሑፉ የጸሐፊው ነው እንጂ የባለ ማኅተሙ አይደለም፤ ስለዚህ በእጅ ጽሑፍ ባለቤቱን አትፈልጊው።

አሁን ቁጥሩን አስቢ። ራስ ሚካኤል ንጉሥ የተባሉት ግንቦት 1906 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ነው። ሰገሌ ላይ የተሸነፉት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው። እሳቸው በንጉሥነት የጻፉት ደብዳቤ ሊገኝ የሚችለው በእነዚህ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ያንቺ 1904 ነው። ማኅተሙ ላይ "ንጉሥ" የሚል ከተነበበ አንድ ነገር ተሳስቷል። "ራስ" ካለ ሊሆን ይችላል። የሌላ የወሎ ሹም ማኅተም ሊሆንም ይችላል፤ ያኔ ማኅተም የነበረው ንጉሥ ብቻ አልነበረም። ሰውዬው ማኅተሙን ሳያነብ "የንጉሥ ነው" ማለቱ ደስ አላለኝም።

ስለ ዋጋ አሁን ምንም አልልም። ምን እንደያዝሽ ሳታውቂ ዋጋ አይወራም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ዋናውን ተናግረዋል። እኔ የሕጉን ነገር ልጨምር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ በግለሰብ እጅ መኖሩን አይከለክልም። ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ግን ወንጀል ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእጅ በእጅ ተሸጦ ቦሌን ካለፈ በኋላ መመለሱ ዘበት ነው። የመቅደላን ሰው ይህን መንገር አያሻም። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወጡት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው።

ደብዳቤውን የሚያነብልሽ ከፈለግሽ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ቅርብሽ ነው። አዲስ አበባ ከሄድሽ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ። ዋናውን ይዘሽ አትዙሪ። መጀመሪያ ፎቶውን አሳዪ።

እስክሪብቶ (አዲስ አበባ፣ የደሴ ልጅ)

እህቴ፣ እኔም ገዢ ነኝ፤ ስለዚህ ለገዢም ልናገር። ሰብሳቢ ሁሉ ሌባ አይደለም። ለስኳር መጠቅለያ ሊሆኑ የነበሩ መጻሕፍት በሰብሳቢ እጅ ተርፈዋል። መሸጥ ከፈለግሽ ነውር የለውም። ግን ቅዳሜ ብሎ ቀን የሚቆርጥ ገዢ እንድታጣሪ ጊዜ መስጠት አልፈለገም ማለት ነው።

እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከአንድ አዟሪ የመጀመሪያው እትም ኦሮማይ "ደራሲው የፈረመበት" ተብሎ ተሸጠልኝ። መጽሐፉ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በዓሉ ግርማ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እውነተኛ ፊርማ ቢገኝ ምን ያህል ብርቅ እንደሚሆን አስቢው። ቤት ገብቼ በደንብ ሳየው ከፊርማው ሥር "1978" ይላል። የጠፋ ሰው ነበር ያስፈረሙብኝ። የተበላሁት ገንዘብ ብዙ ነው፤ እኔን ያመመኝ ግን በዚያ ሰው ስም መነገዱ ነው። ቀኑን አንብቢ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀኑን።

ሸዋ በር (ደሴ)

ሰላም እህቴ። የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው።

አያቴ ሸኽ ነበሩ። ሴት አያቴ እማማ ትራሳቸው ሥር የሚያኖሩት በዓረብ ፊደል የተጻፈ አንድ ወረቀት ነበር። እኛ ልጆቹ ዱዓ ነው ብለን ስንስመው አደግን። አንድ ቀን ገታ የቀሩ አንድ ሸኽ ለለቅሶ መጡና ወረቀቱን አነበቡት። ዓረብኛ አይደለም። አማርኛ ነው፤ ዓጀሚ። አያቴ ራቅ ካለ አገር ቂርኣት ላይ ሆነው ለሚስታቸው የጻፉት ደብዳቤ ነበር። "እንዴት ሰነበትሽ" ይላል። ላሚቱ ወልዳ እንደሆነ ይጠይቃል። እማማ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ምን እንደሚል ግን ሙሉውን በቃላቸው ያውቁት ነበር። ጠይቀናቸው ስለማናውቅ ነው ያልነገሩን።

በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ለነፍሳችን ብለን ከደሴ ወጣን። ኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ሣጥኑ ተገልብጦ አገኘነው። ወረቀቱ የለም። የከተማው ሙዚየም እንኳ በዚያ ሰሞን ተዘርፏል፤ የእኛን ሣጥን ማን ይጠብቀዋል? የቀረን እህቴ በስልኳ ያነሳችው አንድ ፎቶ ነው። እሱም የታችኛው ሁለት መስመር ደብዝዟል።

ስለዚህ በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳታበሪ አንሺው። ፊቱንም ጀርባውንም። ማኅተሙን ለብቻው አስጠግተሽ። ሌላ ከተማ ላለ ዘመድም ላኪለት።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አርብ ማታ ነው የምጽፈው።

ጋሼ እንዳሉኝ መብራት አጠፋሁና ባትሪውን ከጎን አበራሁ። ፊርማው ጎድጎድ ብሎ ታየ፤ ከጀርባም በጣት ይዳበሳል። በእስክሪብቶ፣ በፈጣን እጅ የተጻፈ ነው። ፊደሉም ወረቀቱን ነክሶታል። ደስ አለኝ። ከዚያ እማዬን ጠራኋት። ዓይኗ ስለደከመ ሰውዬው የመጣ ቀን ገጹን አላየችውም ነበር። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ "የሠርጋችንን ፎቶ አምጪ" አለችኝ።

ፎቶው በ1968 ዓ.ም. የተነሡት ነው። ጀርባው ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም ስሙን ጽፎ ፈርሞበታል። የእሱም ስም በ"ሐ" ነው የሚጀምረው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የ"ሐ" የቀኝ እግር ወደ ታች ተጎትቶ ወደ ግራ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ እንደ ቀለበት ዞሮ ራሱን ይቆርጣል። መጽሐፉም ላይ ፎቶውም ላይ አንድ ነው።

አጎቴን አላውቀውም። በ1970 ተማሪ ሆኖ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። አባቴ ስሙን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። እማዬ እንደነገረችኝ ልብሱንም ደብተሩንም ያኔ ፈርተው አቃጥለዋል። መጽሐፉን አባቴ ደብቆ እንዳስቀረው እሷም አታውቅም ነበር።

ማኅተሙ ገና አልተነበበም። በባትሪው ማኅተሙ ላይ ካለው አንበሳ በስተግራ "ደ" የሚመስል ፊደል ታየኝ፤ "ራ"ም "ን"ም አይደለም። እርግጠኛ አይደለሁም። ማክሰኞ ፎቶውን ዩኒቨርሲቲ ይዤ እሄዳለሁ። ላሚኔቱ ቀርቷል፤ እማዬ ራሷ ሁለት ነጭ ወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ። ሰውዬውን ደውዬ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አረንጓዴው ክር የውስጡን ገጽ ትንሽ ወጥሮታል። በጥንቃቄ ፈትቼ ላውጣው ወይስ ይቅር?

አሮጌ ገጽ (ኮምቦልቻ)

ክሩን እንዳትነኪው ልጄ። መጽሐፉን ስትከፍቺ ከግማሽ በላይ አትዘርጊው፤ ያ ይበቃዋል። ማክሰኞ ማኅተሙን ምን ብለው እንዳነበቡት ጻፊልኝ።