ለሐዋሳና ለላንጋኖ ሐይቅ የሚሆን፣ ዋጋው የማይከብድ ሪል ስለ መምረጥ

ሐይቅ ዳር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ሲሆን እስከ አሁን ዓሣ የማጠምደው ናይለን ክር በጣሳ ላይ ጠቅልዬ በእጄ እየወረወርኩ ነው። በሚቀጥለው ወር እህቴ ከአሜሪካ ስለምትመጣ ዘንግና ሪል (በእጀታ እየዞረ ክሩን የሚጠቀልለውን ዕቃ) እንድታመጣልኝ ጠይቄአታለሁ፤ ለሪሉ ግን ከ40 ዶላር በላይ እንድታወጣ አልፈልግም። ኢንተርኔት ላይ ስመለከት አንዱ ሪል 4 ኩሽኔታ አለው ሲባል ሌላው በግማሽ ዋጋ 13 አለው ይባላል፤ በጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም 1000፣ 2500፣ 4000 እያለ ስለሚሄድ ትልቁ ቁጥር የተሻለ ጥራት ማለት ይሁን አይሁን አልገባኝም። አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ቆሜ ቆሮሶ እይዛለሁ፤ አልፎ አልፎ አምባዛ ይመጣል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ላንጋኖ እሄዳለሁ። ዕቃው አንዴ ከመጣ መልሶ መለወጥ ስለማይቻል ነው አስቀድሜ ማማከር የፈለግሁት።

አሮጌ መንጠቆ፦

ከቁጥሩ ልጀምር። 1000፣ 2500፣ 4000 የሚባለው የሪሉን አካልና የሚይዘውን የክር መጠን እንጂ ጥራቱን አይናገርም። ለእርስዎ የሚስማማው 2500 ነው፤ ውፍረቱ 0.25 ሚሊሜትር የሆነ ክር ወደ 150 ሜትር ይይዛል፣ ከዳር ለሚጠመድ ቆሮሶም ከበቂ በላይ ነው።

የኩሽኔታው ብዛት አያታልልዎ። ርካሽ ሪል ውስጥ 13 ኩሽኔታ የሚያስገባ አምራች ገንዘቡን ከአንድ ቦታ መቀነሱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም የሚቀንሰው ከጥርሱና ከፍሬኑ ላይ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በኩሽኔታው ብዛት ተማርኬ የገዛሁት ሪል ሱቅ ውስጥ እንደ ቅቤ ይዞር ነበር፤ ሦስተኛውን አምባዛ ስጎትት ጥርሱ ተበልቶ እጀታው በባዶው መሽከርከር ጀመረ። በሚገባ የተሠሩ 3 ወይም 4 ኩሽኔታዎች ከ13 ደካሞች ይሻላሉ።

ከሁሉ በላይ መመርመር ያለበት ፍሬኑ ነው፤ ይኸውም ዓሣው በኃይል ሲሸሽ ክሩ ከመበጠሱ በፊት ስፑሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት የሪሉ ክፍል) እየተንሸራተተ ክር እንዲለቅ የሚያደርገው ክፍል ነው። ጥሩ ፍሬን ሲለቅ ሳያቋርጥ ይለቃል፤ መጥፎው ተይዞ ይቆይና በድንገት ይፈታል፣ ክርም የሚበጠሰው ያን ጊዜ ነው። ስፑሉ ከፕላስቲክ ይልቅ አሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል።

ስም ካስፈለገ የሺማኖ ሲየና 2500 ብዙ ጊዜ በ30 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሐዋሳ የብስክሌት ከተማ ስለሆነች ስሙ ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም፤ በ1921 ጃፓን ውስጥ ሳካይ በተባለች ከተማ የተመሠረተው ድርጅት መጀመሪያ የሠራው የብስክሌት ጥርስ ነበር፣ ወደ ዓሣ ማጥመጃ የገባው በ1970 ነው። እህትዎ ትንሽ መጨመር ከቻሉ የዳይዋ ሬቭሮስም መልካም ምርጫ ነው።

የጫሞ ልጅ፦

በብዙው እስማማለሁ፣ በ2500 ላይ ግን አልስማማም። አምባዛ እንደተያዘ ቀጥታ ወደ ደንገሉ ሥር ነው የሚሮጠው፤ ቀጭን ክር ይዞ እሱን ከዚያ ማውጣት ዘበት ነው። እኔ 4000 እንዲገዙ እመክራለሁ። ጫሞ ላይ በትንሽ ሪል ናይል ፐርች የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለመያዝ ሞክሬ ክሩ እስከ መጨረሻው ተጎትቶ ባዶ ስፑል ይዤ የተመለስኩበትን ቀን አልረሳውም።

አሮጌ መንጠቆ፦

ወንድሜ፣ ለጫሞ ከሆነ ልክ ነዎት፤ እዚያ እኔም ከ4000 በታች ይዤ አልሄድም። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ግን ናይል ፐርች የለም። ጠያቂያችን በአብዛኛው የሚይዙት ቆሮሶ ስለሆነ ወደ 100 ግራም የሚጠጋ ተጨማሪ ክብደት ቀኑን ሙሉ መሸከም አያስፈልጋቸውም፤ ወፍራም ክር ትንሽ መንጠቆና ትንሽ ትል ርቆ እንዳይወረወር ያደርጋል፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ።

ስለ አምባዛው የተናገሩት ግን ትክክል ስለሆነ የምመክረው ትርፍ ስፑል ነው። አንዳንድ ሪል ከትርፍ ስፑል ጋር ይሸጣል፤ ለሌሎቹ ለብቻው ይገዛል። በአንዱ 0.25፣ በሌላው 0.35 ሚሊሜትር ክር ይጠቀልላሉ። በወፍራሙ የሚይዘው ርዝመት በግማሽ ቀንሶ ወደ 75 ሜትር ይወርዳል፤ ከዳር ለሚያጠምድ ሰው ይህም አያንስም። አምባዛ ሲፈልጉ ስፑሉን መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሐይቅ ዳር፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ 2500 ከትርፍ ስፑል ጋር እንድትገዛልኝ ለእህቴ ጽፌላታለሁ። ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። ፍሬኑን ምን ያህል ማጥበቅ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ? ደግሞስ ግራኝ ስለሆንኩ እጀታው በተቃራኒ በኩል ያለ ሪል መፈለግ ይኖርብኛል?

የጫሞ ልጅ፦

እጀታው አያሳስብዎ፤ የዚህ ዓይነት ሪሎች እጀታ ተፈትቶ በሁለቱም በኩል ይገጠማል። ለፍሬኑ ያለ ሚዛን የምጠቀምበት መንገድ አለኝ። በተለምዶ ፍሬኑ ክሩን ከሚበጥሰው ክብደት በሩቡ ያህል እንዲለቅ ይደረጋል፤ ክርዎ 4 ኪሎ የሚችል ከሆነ 1 ኪሎ ማለት ነው። የ1 ሊትር ውኃ ፕላስቲክ ሞልተው የክሩን ጫፍ አንገቱ ላይ ያስሩና ሪሉን ወደ ላይ ቀስ ብለው ያንሡ። ፕላስቲኩ ከመሬት ሲነሣ ስፑሉ በዝግታ መንሸራተት ከጀመረ ልክ ነው፤ ያለ ምንም መንሸራተት ከተነሣ ትንሽ ያላሉት። እህትዎ ዕቃውን ይዘው እንደደረሱ ይህንኑ ሙከራ ቢያደርጉ ፍሬኑ እየተያዘ የሚለቅ መሆን አለመሆኑንም ያያሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ ፍሬኑን አላልተው ያስቀምጡት፤ ጠብቆ የከረመ የፍሬን ሽፋን ይጨፈለቃል።

አሮጌ መንጠቆ፦

ክሩን ስፑሉ ላይ ሲጠቀልሉ ከጠርዙ 2 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ብቻ ይሙሉ፤ ከዚያ ካለፈ በየውርወራው እየተተረተረ ይወሳሰባል። ከወረወሩ በኋላ ክሩን ወደ ስፑሉ የሚመራውን የሽቦ ቅስት እጀታውን በማዞር ሳይሆን በእጅዎ ይመልሱት፣ ክሩ ብዙም አይጠማዘዝም።

ላንጋኖ ሲሄዱ ሪሉን አሸዋ ላይ አያስቀምጡ። ውኃው ራሱ ደለል ስላለበት ከክሩ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ክሩ በሚያልፍበት ተሽከርካሪ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ። ጥርሱ ላይ የሚገባው ግን ግራሶ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃዋል።